የአባታችን ሒሳብ

ታቢታ «ለምን አንዋጣም?» ስትል ቀድሜ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ሒሳቡ በትንሽ ሳህን ላይ ሆኖ ጠረጴዛው መሐል ተቀምጧል፤ አስተናጋጁ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ገና ማንም እጁን አልዘረጋም። እሷ ቦርሳዋን ከፍታ «ለአራት ብንካፈለው እኮ ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ ሰባት ብር ነው የሚደርሰን» አለች፤ ልክ ቢሮ ደብዳቤ ቆጥራ እንደምታስረክብ። እኔም ሳቄን ለቀቅኩትና «የእድር መዋጮ አደረግሽው እኮ ታቢታ! ሰው ሞቷል እንዴ?» አልኳት። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ ብሯን መልሳ ከተተች። ይኸው ነው። መንግሥት ተለውጧል፣ ብሩም ተለውጧል፣ አዋሳም ሌላ ከተማ ሆናለች፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ምግብ ቤት ተቀምጬ ሰው «እንዋጣ» ሲል ከሰማሁ ጆሮዬ ይግላል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። እኔ ይህን የተማርኩት በሌላ ሰው ገንዘብ ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው። እኔ ያኔ አዋሳ ውስጥ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። ደመወዜ ሁለት መቶ ሠላሳ ብር ነው፤ የቤት ኪራይ፣ የቀበሌ መዋጮ፣ ለእናት አገር ጥሪ ምናምን እየተባለ ሲቆረጥ በወሩ ማብቂያ ላይ ኪሴ ውስጥ የሚቀረው መሐረብ ብቻ ነው። ቅዳሜ የምንሠራው እስከ ስድስት ሰዓት ስለሆነ አምስት ተኩል ሲሆን ሰው ሁሉ መሳቢያውን መቆለፍ ይጀምራል። ያን ጊዜ ዘበኛው መጣና እህትህ በር ላይ ቆማለች አለኝ። ታላቅ እህቴ ገበያነሽ ከቱላ መጥታ ነው። እንደምትመጣ አውቃለሁ፤ ከሳምንት በፊት መልእክት ልካብኛለች።

ገበያነሽ ቅቤ ነጋዴ ናት። ከገጠር ሴቶች እየሰበሰበች አምጥታ አዋሳ ገበያ ትቸረችራለች። ባሏ ከሚሊሺያው ጋር ዘምቶ ኦጋዴን ከቀረ ወዲህ ሦስት ልጆቿን ይዛ የምትኖረው በሳር ቤት ውስጥ ነው፤ ሳሩ ከመበስበሱ የተነሣ በክረምት ልጆቹን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ስታዘዋውር ነው የሚነጋላት። ቆርቆሮ ደግሞ ያኔ እንደ ዛሬ ከሱቅ የሚገዛ ነገር አይደለም፤ በማኅበር ተመዝግበህ፣ ወረፋ ጠብቀህ፣ ስምህ ሲጠራ ነው። እሷም ሁለት ዓመት ጠብቃ ስሟ ተጠራ። ሃያ ቆርቆሮ፣ አንዱ በዘጠኝ ብር ከሃምሳ፤ መቶ ዘጠና ብር። የማኅበሩ ማኅተም ያረፈበት ቁራጭ ወረቀት ይዛለች፤ መጋዘኑ መናኸሪያ አጠገብ ነው፤ የሚከፈተው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ የሚታደለውም የዚያን ቀን ብቻ። የእኔ ሥራ አብሬያት ሄጄ ቆርቆሮውን ቆጥሬ መረከብና ጋሪ ላይ ማስጫን ነበር። ቆጠራ ላይ ይሸውዱኛል ብላ ፈርታለች እንጂ ፊደልስ በመሠረተ ትምህርት ቆጥራለች፤ ቁጥር ደግሞ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

በር ላይ ሳገኛት ነጠላዋን አጣፍታ፣ አዲስ የላስቲክ ጫማ ተጫምታ ቆማለች። መቀነቷን ነካ አድርጋ «ሞላልኝ» አለችኝና ሳቀች። ይህን የምናገረው ደስታዋን እንድታውቁት ነው። አባታችን አቶ ወልደጻድቅ ሲሞት እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እሷ አሥራ ስድስት። እናታችን ቀድማው ሞታለች። ከዚያ ወዲያ ደብተሬንም ጫማዬንም የገዛችው እሷ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ ድረስ አንድም ቀን «ገንዘብ የለም» ስትል አልሰማሁም። እኔም ታዲያ ውለታዋን የመለስኩት መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ዘበኛው የቅቤ ሽታዋ ሸትቶት ይሆን እያልኩ በመሳቀቅ ነበር። ውሸት ምን ይሠራል።

ልንሄድ ስንል ሙህዲን ከኋላዬ ጠራኝ። ሙህዲን የትራንስፖርት ክፍላችን ኃላፊ ነው፤ ተጫዋች፣ ሰው ወዳድ፣ ኪሱ ግን በዐሥር ቁልፍ የተቆለፈ። ከአዲስ አበባ የመጡት የንብረት ተቆጣጣሪ ጓድ ሞገስ ዐሥር ቀን መጋዘናችንን ሲመረምሩ ከርመው በማግሥቱ ሊመለሱ ነው፤ «ምሳ ሳናበላ መሸኘት ነውር ነው፤ ሐይቁ ዳር ዓሣ እንብላ» አለኝ። ማን ነው የሚጋብዘው? ማንም አልተናገረም። ይኼ «እንብላ» የሚባል ቃል ባለቤት የለውም፤ የሚለው ሌላ፣ የሚበላው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ ነው። እኔ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ጓድ ሞገስ ስለ እያንዳንዳችን ሪፖርት ይጽፋሉ፤ እኔ ደግሞ የእድገት ማመልከቻ ካስገባሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። ለእህቴ «እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ እንጨርሳለን፤ ገና ሰዓት አለ» አልኳት። እሷም እዚሁ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ አለች። እውነቱን ልናገር? ትቻት ልሄድ ነበር። ያልሄድኩት ጓድ ሞገስ የላንድሮቨሩን በር ይዘው «እህትህን ፀሐይ ላይ ጥለህ ምሳ ትበላለህ? ትግባ እንጂ!» ስላሉ ነው።

ምግብ ቤቱ ሐይቁ ዳር ትልልቅ ዛፎች ሥር ነው፤ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ቀይ ክራቫት ያሰሩ አስተናጋጆች፣ የምግብ ዝርዝሩ በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት። አሞራዎቹ እንደ ልማዳቸው ውሃው ዳር ተደርድረው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። አምስት ሆነን ተቀመጥን፤ ጓድ ሞገስ ከራስጌ፣ በቀኛቸው ሙህዲን፣ በግራቸው የመሥሪያ ቤታችን ታይፒስት ታቢታ፣ ከግርጌ እኔና እህቴ። ገበያነሽ የተቀመጠችው ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው፤ ነጠላዋ የጠረጴዛውን ልብስ እንዳይነካው በጉልበቷ ላይ ሰብስባ ይዛዋለች። ዝርዝሩን አንስታ በጣቷ እየተከተለች አነበበችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አሞራ ገደል ዓሣ ተራ በሃምሳ ሳንቲም የሚሸጠው ዓሣ እዚህ አራት ብር ነው የሚለው?» አለችኝ። ዝም አስባልኳት። ልክ እሷ ድሮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዝም እንደምታስብለኝ ጉልበቷን ነካ አደረግኩ።

ማዘዝ ሲጀመር ነገሩ እንደ ጨረታ ሆነ። ሙህዲን ለራሱ ተጠብሶ የሚመጣ ሙሉ ዓሣ አዘዘ፤ የክርስቲያን ሥጋ አይበላማ። ጓድ ሞገስ ክትፎ እወዳለሁ ሲሉ እኔ ቀበል አድርጌ «ስፔሻል ይሁን፣ ለሁለት!» አልኩ። ሙህዲን ለጠረጴዛው ጥብስ ጨመረ። እኔ ጉላሽ ጨመርኩ። እሱ ሰላጣ ሲል እኔ የዓሣ ሾርባ አልኩ፤ ሁለታችንም ተቆጣጣሪውን እያየን ነው። ታቢታ አንድ ሰሐን ሩዝና ሚሪንዳ አዘዘች፤ ምግቡ ሲመጣ ለአንድ አፍታ ዓይኗን ጨፈነች፤ ያን ጊዜ ጴንጤ መሆን እንዲህ ማንም ሳያይ በአንድ ትንፋሽ የሚጸለይበት ዘመን ነበር። እህቴ ምንም አላዘዘችም፤ ከእኔ ሰሐን ጫፍ ትንሽ ትንሽ እየቆረሰች ትበላለች፤ ጓድ ሞገስ «ይብሉ እንጂ እህታችን» ባሏት ቁጥር «በልቻለሁ ጌታዬ፣ ጠግቤያለሁ» ትላለች። ቢራው መጣ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ወሬው ስለ ውሎ አበል፣ ስለ መለዋወጫ ዕቃ መጥፋት፣ አርባ ምንጭ ስለተዛወረ አንድ ሰው ነበር። ከዚያ ጓድ ሞገስ ሆዳቸውን ያዝ አድርገው ቢራ ይነፋኛል አሉ። ሰው ዝም ብሎ «አምቦ ውሃ ይምጣልዎት» አይልም? እኔ ግን እጄን አንስቼ አስተናጋጁን «ውስኪ ከነጠርሙሱ!» አልኩት። ጠርሙሱ ስልሳ ሁለት ብር ነው፤ ዋጋውን አንብቤዋለሁ፤ አላየሁም ብዬ አልዋሽም።

ሲጠጣ ሰዓት አይታይም። እህቴ ሁለት ጊዜ በክርኗ ነካ አድርጋ ስንት ሰዓት ነው አለችኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰዓቴን ሳላይ ገና ነው አልኳት። ሦስተኛ አልጠየቀችኝም። ፀሐይዋ ዛፉን አልፋ ጠረጴዛው ላይ ስትወድቅ ግን ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ቁጭ አለች፤ ተነሥቶ ለመሄድ የሚጠብቅ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ጓድ ሞገስ እንግዲህ ይበቃናል አሉና አስተናጋጁን በዓይን ጠሩት። ያቺ ሳህን መጣች። መቶ አርባ ስምንት ብር። ታቢታ «ለምን አንዋጣም» ያለችውና እኔ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው።

አሁን ለምን እንደሳቅኩ ልንገራችሁ። ኪሴ ውስጥ የነበረው ሃያ ሦስት ብር ነው። ብንዋጣ ኖሮ ከሠላሳ ሰባቱ አሥራ አራት ብር ይጎድለኝ ነበር፤ ክትፎ ስፔሻል ይሁን ያለ፣ ውስኪ ከነጠርሙሱ ያስመጣ ሰውዬ አሥራ አራት ብር አበድሩኝ ሊል ነው። ስለዚህ መዋጮውን በሳቅ ገደልኩት። በልቤ ያሰብኩት ሌላ ነው። ባለቤት በሌለው ማዕድ ላይ ሒሳብ የሚከፈለው በትግል ነው፤ ደንቡን የማያውቅ የለም። ሁሉም እጁን ኪሱ ይከታል፣ «ኧረ በሞቴ» «ኧረ አይሆንም» ይባባላል፣ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይነጠቃል፤ በመጨረሻ በዕድሜ ወይም በሥልጣን ከፍ ያለው «ተው አንተ ልጅ» ብሎ ይከፍላል። የተሸነፈው ኪሱም ክብሩም ይተርፍለታል። ጓድ ሞገስ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የዐሥር ቀን አበል አላቸው፤ የሚያሸንፉት እሳቸው ናቸው። የእኔ ድርሻ ደኅና አድርጎ መታገል ብቻ ነበር። ጠንክሬ ከታገልኩ ሪፖርቱም ያማረ ይሆናል።

ትግሉ ተጀመረ። ሙህዲን እጁን ወደ ሳህኗ ሰደድ አድርጎ «ወላሂ እኔ ነኝ» አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ሰላምታ ነው፣ ጣቱም ወረቀቱን አልነካውም። ጓድ ሞገስ ፈገግ ብለው እጃቸውን ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱ፤ እስከ አንጓቸው ድረስ ሲገባ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ አልቆ ነበር። አንዴ ብቻ «ኧረ ጓድ ሞገስ» ብል ይበቃኝ ነበር። ውስኪውም ይሁን ሞኝነቴ፣ ተነሥቼ ወረቀቱን በመዳፌ ሸፈንኩትና «የአባቴ አጥንት ይውጋኝ! ዛሬ ከእኔ በቀር ማንም አይከፍልም!» አልኩ።

በሞቴ ቢሉ «አትሙት» ተብሎ ይታለፋል፤ የሞተ አባት አጥንት ከተጠራ በኋላ ግን የሚከራከር ጨዋ ሰው የለም። ጓድ ሞገስ እጃቸውን ቀስ ብለው ከኮታቸው አወጡና ጠረጴዛው ላይ አሳረፉት።

«እንግዲህ የአባት አጥንት ከተጠራ ምን ይደረጋል» አሉ። «ይባርክልህ።»

ሙህዲን ፊቱ በራ፤ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ ወንድ ማለት አንተ ነህ አለኝ። አስተናጋጁ ሁለት እርምጃ ቀረበ። እኔ ቆሜያለሁ፤ አንድ እጄ ወረቀቱ ላይ፣ ሌላው ኪሴ ውስጥ፣ በጣቶቼ መሐል ሃያ ሦስት ብር። ምን ልበል? አስተናጋጁን ጥግ ጠርቼ መታወቂያዬን ላስይዝ? ቦርሳዬን ቢሮ ረስቼዋለሁ ልበል? አጥንት ጠርቶ ቦርሳ መርሳት! መልሼ ተቀመጥኩ፤ ኪሴን የምፈትሽ መስዬ ጎንበስ አልኩ። ያን ጊዜ አንድ እጅ ጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ነካኝ። መዳፌን ዘረጋሁ። የታጠፈ የብር ጥቅል እጄ ላይ አረፈ፤ ለስለስ ያለ፣ ቅቤ ቅቤ የሚል። እህቴ ሒሳቡን ከእኔ በፊት አንብባዋለች፤ ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ እሷ መቀነቷን ፈትታ ጠረጴዛው ሥር በጣቷ እየቆጠረች አሥራ አምስት ባለ ዐሥር ብር ለይታለች። ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ወደ ሐይቁ እያየች ነው፤ ከአሞራዎቹ በቀር ምንም የሌለ ይመስል።

ልመልስላት እችል ነበር። ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ መዳፌን መዝጋት፣ ጉልበቷ ላይ መልሶ ማስቀመጥ፣ ተነሥቶ «ይቅርታ፣ ገንዘብ የለኝም» ማለት፤ ስንት ቃል ነው? ሦስት ቃል። ሰው በሦስት ቃል አይሞትም። እኔ ግን ጥቅሉን ከኪሴ ያወጣሁ አስመስዬ ሳህኗ ላይ ጣልኩት፤ ጣል ነው ያደረግኩት፣ እንደ ጌታ። ሁለት ብር መልስ ሲመጣ አስተናጋጁን ያዘው አልኩት። ጓድ ሞገስ ሲወጡ ለእህቴ እጃቸውን ሰጥተው «ወንድምሽ ቸር ሰው ነው፣ ደኅና አድርጋችሁ አሳድጋችሁታል» አሏት። እሷም ጎንበስ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

መኪናቸው ሊሸኘን ነበር፤ እህቴ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል አለች። ከግቢው ስንወጣ ታቢታ እየሮጠች ደረሰችብኝ። እህቴ ጥቂት ቀድማኛለች። ታቢታ ያቺኑ ሠላሳ ሰባት ብር ጠቅልላ ይዛለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለአንተ አይደለም፣ ለእሷ ስጥልኝ» አለችኝ። አይታለች ማለት ነው። አያችሁ፣ ሰው ውርደቱን ያየበትን ሰው እንዴት እንደሚጠላ! ደሜ ፈልቶ ምን ቤት ነሽ አልኳት፤ እኔ በቃሌ ከፍያለሁ፣ የማንም ምጽዋት አያስፈልገኝም አልኳት። ቆማ ቀረች። ይሉኝታ የሚሉት ነገር እንደዚህ ነው፤ በማይገባው ቦታ ገንዘብ ያስረጫል፣ በሚገባው ቦታ የመጣውን ያስመልሳል። ያንን ብር ብቀበል ከእኔ ሃያ ሦስትና ከእህቴ አርባ ጋር ተደምሮ መቶ ይሞላ ነበር። የቀረውን ምናልባት ሙህዲንን ብለምነው… አላውቅም። አልለመንኩትም።

እስከ መናኸሪያ ድረስ በእግራችን ሄድን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ድሮ ትምህርት ቤት ስትወስደኝም እንዲሁ ነበር፤ ያኔ ግን ደብተሬን ትይዝልኝ ነበር። መንገድ ላይ ያገኘኋቸውን ሰዎች ሁሉ ባርኔጣዬን እያነሣሁ ሰላም አልኩ፤ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅኩ ነው። እህቴ ተመልሳ ወደ ቤቷ ትሄዳለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን መጋዘኑ በር ላይ የተሰለፉት ሰዎች መሐል ገብታ ተራዋን ያዘች። ለምን እንደተሰለፈች አልገባኝም። ምናልባት አርባ ብሩን ይዛ የምታገኘውን ልታይ ይሆናል።

ተራዋ ሲደርስ ወረቀቷን ሰጠች። መጋዘን ጠባቂው ወፍራም መነጽር ያደረገ ሰው ነው፤ ስሟን በጣቱ ፈልጎ አገኘና «ገበያነሽ ወልደጻድቅ፣ ሃያ። መቶ ዘጠና ብር» አላት። እሷም ገንዘቡ ስላልሞላላት አራት ብቻ እንዲሰጣት ለመነችው። ሰውየው ብዕሩን አስቀምጦ ጮኸባት። አራት የሚባል ነገር የለም፤ ወይ ሙሉውን ወይ ምንም፤ ሁለት ዓመት ወረፋ አጣብቦ ገንዘብ ሳይዙ መምጣት በሰው መቀለድ ነው፤ አሁን ከተሰረዘች ከመስከረም በኋላ እንደገና ነው የምትመዘገበው። ሰልፉ ሁሉ ያያታል። እኔ ዐሥር እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ፤ ከዚያ ጠጋ አልኩና እስከ ደመወዝ ድረስ በአደራ ቢያዝላት ብዬ ጠየቅኩት። ቀና ብሎ ከጫማዬ እስከ ባርኔጣዬ አየኝ።

«ይኼ ሰውዬ ምንሽ ነው?» አላት።

«ወንድሜ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ነው።»

«ታዲያ እሱ አይሞላልሽም?»

«እሱም ብዙ ወጪ አለበት» አለችው።

በቀይ ብዕር ስሟን ሰረዘውና «ቀጣይ!» አለ። ቀጣዩ የተቀዳደደ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ፤ ስማቸው በተጠባባቂነት የተያዘ ኖሮ የእሷ ሃያ ቆርቆሮ ለእሳቸው ደረሰ። ደስታቸው ልክ አልነበረውም፤ ዞረው የእህቴን ትከሻ ሳሙና «ልጄ፣ እግዚአብሔር ያድርግልሽ፣ ክረምቱን ከዝናብ አወጣሽኝ» አሏት። እሷም አሜን አለች። በዚያ ሁሉ ቀን ዓይኗ እንባ ሲያቅር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ጣለችው። ሽማግሌው ቆርቆሮውን እየቆጠሩ ሲረከቡ እሷ ቆማ አብራ ቆጠረች። ሃያ መሆኑን አይታ ሄደች።

ወደ ቱላ የሚሄዱት ጋሪዎች ከመናኸሪያው ጀርባ ነው የሚቆሙት። ባለ ጋሪውን በሲዳምኛ አናገረችው፤ የሚያውቃት ነው መሰለኝ ሳቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። እኔ የጋሪውን ጎን ይዤ ቆምኩ። እትዬ አልኳት፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የልጅ ድምፅ ሆነ። ደመወዝ ሲወጣ ሠላሳ ብር አመጣለሁ፣ በየወሩ እየቆረጥኩ በአምስት ወር እጨርሳለሁ፣ እስከዚያው ሳሩን የሚጠግን ሰው እፈልጋለሁ አልኳት። እያወራሁ እያለሁ ወጪዬን በሆዴ እያሰላሁ ነበር፤ ቢራ እተዋለሁ፣ ሲኒማ እተዋለሁ። በእርግጥም አደርገው ነበር። በሕይወቴ እንደዚያን ሰዓት የምሬን ቃል ገብቼ አላውቅም።

«አታምጣ» አለችኝ።

«ለምን እትዬ? የኔ ዕዳ አይደል እንዴ?»

ወደ እኔ ዞረች፤ ቁጣ እንኳ የለባትም፤ ቁጣ ቢኖርባት ምንኛ በተሻለኝ።

«ለአንተ መሰለህ እንዴ የሰጠሁህ? አንተማ ብትዋረድ ቁጭ ብዬ አይህ ነበር፤ ትማርበታለህ። ግን አባባን ጠራህ። አባባ የሰው ሳንቲም ይዞ አንድ ሌሊት አላደረም፤ ሊሞት ሲል እንኳ የእንጨት ሻጯን ሃያ አምስት ሳንቲም አስከፍሎኛል። አንተ ልጅ ነበርክ፣ አታውቀውም። እኔን ሳትጠይቀኝ አጥንቱን ለክትፎ አስያዝከው፤ እኔ አስለቀቅኩት። ለአባቴ የከፈልኩትን አንተ ልትመልስልኝ አትችልም።»

ባለ ጋሪው ልጓሙን ሰበሰበ። ታፋው የከሳ ቡላ ፈረስ ነው፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ፣ ከኋላ ሌላ ሴት ተሳፈረች። እኔ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ፣ የጋሪውን እንኳ ልክፈልላት ብዬ እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። እህቴ አየችኝና «ተው፣ ከፍያለሁ» አለች። እኔም አልታገልኳትም።